ጠግቦ ራበኝ የሚል ማሽን

የራጅ ክፍሉ በር ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ ሽታው ወጣ።

ኢንስፔክተሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ መሀረቡን አወጣ። ጣቢያው ውስጥ ከጀርባው «አፍንጮ» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሬሳ ሲያይ ኖሮ አንድም ቀን ሽታውን ያልለመደ መርማሪ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ግድግዳውን ልደገፍ ሲል የተሰቀለ የእሳት ማጥፊያ ነካ፤ የኮቱ ክርን በአቧራ ነጣ። በሆዱ ተራገመ።

«ይግቡ እንጂ ጌታዬ» አለች ሳጅኗ ከውስጥ። «እሱ እንደሆነ አይነሳብዎት።»

ክፍሉ መስኮት የለውም። ጨረር እንዳያሳልፍ በሩ በእርሳስ ብረት ተለብጧል። ቅዳሜ ከሰዓት የተዘጋውን በር ሰኞ ጠዋት የከፈተችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ በመሀሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሳያቋርጥ ሲነድ ከርሟል። ሟቹ የክሊኒኩ ራጅ አንሺ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት በደረቱ ተደፍቷል፤ ከኋላ ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። የፈሰሰው ደም ሊደርቅ ሲል ጫማ ይይዛል፤ በተራመዱ ቁጥር እየተላቀቀ ድምፅ ያሰማል።

ኢንስፔክተሩን የቀፈፈው ደሙ ብቻ አልነበረም። በሽተኞች የሚለብሱት ጋውን ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ብብቱ በስንቱ ሰው ላብ ቢጫ ሆኗል። ደረታቸውን ሊነሱ የሚቆሙበት ሰሌዳ ላይ፣ አገጭ የሚያርፍበት ቦታ በቅባት ያብረቀርቃል። ከአምስት ሳምንት በፊት እዚያው ላይ የእህቱ አገጭ አርፏል። እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሳል አልለቅ ሲላት፣ «ዶክተሩን አውቀዋለሁ» ብሎ እጇን ይዞ ያመጣት እሱ ራሱ ነው። «ሳንባሽ ንጹሕ ነው» ተብላ ተመለሰች። ዛሬ ጠዋትም ከቤት ሲወጣ እያሳለች ነበር።

«ምን ምን አገኘሽ?»

«የኮምፒውተሩ ሣጥን ሁለት ብሎኖች ተፈትተው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ ክዳኑ ግን አልተነሳም። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይኼ ነበር።» በለስላሳ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ጣት የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ አሳየችው። «የኮምፒውተር ዕቃ ነው መሰለኝ። ኮምፒውተሩ ደግሞ እንደበራ ነው፤ ይኸው።»

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ተጽፋለች፤ ሳጅኗ ተረጎመችለት፦ «ሲስተሙን ለማስነሳት በቂ ሜሞሪ የለም።»

«ይኼስ?»

ማተሚያው አፍ ላይ አንድ የደረት ፊልም ነበር። ኢንስፔክተሩ ወደ መብራቱ አነሳው። የሴት ስም፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ። ከግራ ትከሻዋ በታች አንዲት ትንሽ መርፌ ቁልፍ ነጭ ሆና ወጥታለች፤ ሴትየዋ ማውለቅ ረስታ ነው።

«እንግዲህ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ሰውዬው በሕይወት ነበር ማለት ነው» አለች ሳጅኗ።

«ማለት ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ማለት» የሚለውን ቃል ግን አልወደደውም።

*

የጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃው ሥር ባልዲዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ይጠጋል።

«እትዬ፣ አይዞዎት። ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ስወጣ ነዋ። ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። 'ደህና ዋል' ብለው አልመለሰልኝም።»

«የተጣላው ሰው ነበር?»

ዙሪያዋን ቃኘች። «ያ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ሽቦ የሚሉት። ጠዋት መጥቶ ሲጨቃጨቁ በሩ ድረስ ይሰማ ነበር። 'ዛሬ ካልነገርካቸው በቁምህ አዋርድሃለሁ!' ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ የምጠርገው ወለል ነው ልጄ፣ የሰው ጉድ አይደለም። ዝም ብዬ አለፍኩ።»

«ወለሉንስ በደንብ ጠርገውታል?» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ክርኑ አሁንም ነጭ ነው።

ሴትየዋ ቱግ አለች። «በምኔ? በምራቄ? ሳሙና ስጡኝ ስል 'ውሃ ይበቃል' ይሉኛል። ይሄ ቤት ከላይ ሲያዩት ሙሽራ ነው፤ ከታች ሲገልጡት መግል ነው። የራጅ ክፍሉንማ ከናካቴው አትግቢ ከተባልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ዛሬም ሽታው ባይጎትተኝ አልከፍተውም ነበር።»

«ማን ነው አትግቢ ያለዎት?»

«ዶክተሩ። 'ማሽኑ ስስ ነው፣ አቧራ ታስነሺበታለሽ' ብሎ።»

*

የክሊኒኩ ባለቤት ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ኮምፒውተር አለ። ዶክተሩ ከአንዲት ብልቃጥ የሎሚ ሽታ ያለው የእጅ ማጽጃ መዳፉ ላይ እያንጠባጠበ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያሻል፤ ደርቆለት ደግሞ እንደገና ያንጠባጥባል።

«አዝናለሁ፣ በጣም አዝናለሁ። እንደ ልጄ ነበር» አለ። «እህትዎስ እንዴት ናቸው ኢንስፔክተር? ሳንባቸው እኮ የሃያ ዓመት ኮረዳ ሳንባ ነው!»

«ያስላታል።»

«የአየር ጠባይ ነው። ሞቅ ያለ ነገር ይጠጡበት።»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ ወጣሁ። ከዘጠኝ እስከ አንድ ሰዓት የሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ መድረክ ላይ ነበርኩ፤ መቶ ሰው አይቶኛል። እሱን ትቼው ስወጣ አንዲት ድንገተኛ ታካሚ እየጠበቀ ነበር።»

«ስሟ መዝገብ ላይ የለም።»

«ድንገተኛ አልኩዎት እኮ። ፊልሟ ወጥቶ የለም? ሰዓቱም ታትሞበታል።»

«ኮምፒውተሩ 'በቂ ሜሞሪ የለም' ይላል።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ቅዳሜ ሥራ ሲበዛ በፎቶ ይሞላና ይቆማል። አርጅቷል ምስኪን። ያንን ጠጋኝ ይጠይቁት እንጂ፤ እሱ ነው እየመጣ የሚበጠብጠን።»

ማኅበሩ ጋ ሲደወል ዶክተሩ እንዳለው ሆኖ ተገኘ። መቶ ሰው አይቶታል፤ እንዲያውም ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ንግግር አድርጓል።

*

ሽቦ ከአንድ ሱቅ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በተፈለፈሉ ኮምፒውተሮች መሀል ተይዞ መጣ። ቀጭን ነው፤ ስሙ የወጣለት ለሥራው ይሁን ለሰውነቱ አይታወቅም። ጣቢያው ውስጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ብሎኖቹን የፈታኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«'አዋርድሃለሁ' ያልከውስ?»

«ብያለሁ። ደግሞም ይገባው ነበር። ነፍሱን ይማርና!»

ኢንስፔክተሩ አረንጓዴዋን ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሽቦ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ።

«አልከተታትም እንዴ?» አለ በቀስታ። «ሁለት ወር ሙሉ ስፈልጋት… ቅዳሜ ጠዋት በእጁ ሰጠሁት እኮ!»

«ምንድን ናት?»

«ሜሞሪ ናት። ኮምፒውተሩ ሲሠራ የያዘውን የሚዘረጋባት ጠረጴዛ በሏት። ሲጠፋ ጠረጴዛው ይጸዳል።»

«ስለዚህ በቂ ሜሞሪ ስለሌለው ነው የቆመው። ዶክተሩም በፎቶ ሞልቶ ነው ብሏል።»

ሽቦ ሳቀ። ከዚያ ያለበት ቦታ ትዝ አለውና ሳቁን ዋጠው። «ፎቶ የሚሞላው ዲስክ ነው፤ ሌላ ዕቃ ነው። ይኼ ማሽን የቆመው ሜሞሪ አንሶት አይደለም፤ በዝቶበት ነው።»

«'የለም' እያለ?»

«እሱ ነዋ ጉዱ! ያ ሲስተም፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ የድሮ ነው። ሲሠሩት 'ከአምስት መቶ አሥራ ሁለት ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ ማን ይገዛል' ብለው ነው የሠሩት። ከዚያ እጅግ ካለፈ ይምታታበታል። ያለውን ሁሉ ልያዝ ብሎ ይነሳና ለራሱ መቀመጫ ያጣል፤ ከዚያ 'በቂ የለኝም' ብሎ ይሞታል። ጠግቦ ራበኝ የሚል ሰው አይተው አያውቁም?»

«በየቀኑ አያለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ማን ነው ያበዛበት?»

«ዶክተሩ። 'ተንቀራፈፈብኝ' ብሎ ራሱ ገዝቶ መጣ፤ ሁለት ጊጋ፣ አራት እጥፍ። 'ጋሼ፣ ይኼ ሲስተም አይችለውም' ብለው 'ብዙ ሲሆን የሚጎዳ ነገር አለ እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ!' አለኝ። የድሮዎቹን አውጥቼ አዲሶቹን ከተትኩ። ማሽኑ በዚያው ቀረ። ወዲያው የድሮዎቹን ልመልስ ስል ለካ ዶክተሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሏቸው፣ መኪናው ጠራርጎ ወስዷቸዋል። የዚያ ዓይነት ትንሽ ሜሞሪ ደግሞ ዛሬ ማንም አይሠራም።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ሳጅኗ ከጥግ።

«አዲስ ሲስተም አይጫንበትም?»

«ሜሞሪውን ይችላል። ግን የራጁን ምስል የሚያነበው ማሽን ቋንቋው ሌላ ነው፤ አስተርጓሚ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ድራይቨር። ፋብሪካው ድሮ ተዘግቷል። ድራይቨሩ ያለው ለአሮጌው ሲስተም ብቻ ነው። አሮጌው ሜሞሪውን አይችልም፤ አዲሱ ማሽኑን አያውቀውም። በሁለቱ መሀል ራጁ ሞተ።»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«መቼ ነው የሞተው ያልከው?»

«ሁለት ወር አልፎታል። እኔ ክፍሉ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ሜሞሪዋን ይዤ ስሄድ ሰዎች ፖስታ ፖስታ ይዘው ይወጣሉ! 'ምንድን ነው የሰጣችኋቸው?' አልኩት። መሬት መሬት አየ። ያኔ ነው የሰደብኩት። 'ዛሬ ካልነገርካቸው' ያልኩት በሽተኞቹን ነው።»

ሳጅኗ ግንባሯን ያዘች። «ይዋሽ ይሆናል እኮ ጌታዬ።»

«ይሆናል። ውሸትም እውነትም ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። እንክፈተው።»

*

ሬሳው ተነስቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ሽቦ በሳጅኗ ፊት የቀሩትን ብሎኖች ፈትቶ ክዳኑን አነሳ። ውስጡ ግራጫ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ሁለቱ ትልልቅ ሜሞሪዎች በአቧራ ተሸፍነው፣ አንዲት የሞተች በረሮ መሀላቸው ተጋድማለች።

«ይኼን አቧራ ይዩልኝ» አለ ሽቦ። «ቅዳሜ የገባ ዕቃ እንዲህ ይለብሳል?»

ትልልቆቹን ነቅሎ ከሟቹ ኪስ የወጣችውን ትንሿን ሰካ፤ አስነሳው። ማሽኑ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ተነሳ። ጥቁሩ ስክሪን ሰማያዊ ሆነ። ምስል አንባቢውም አጠገቡ ጠቅ ጠቅ ብሎ መብራቱን አበራ።

«የመጨረሻውን ፎቶ ያነሳው መቼ ነው?»

ሽቦ ዝርዝሩን ከፈተ። «ከስልሳ ሰባት ቀን በፊት።»

ኢንስፔክተሩ ለመቁጠር ጣት አላስፈለገውም። አምስት ሳምንት ሠላሳ አምስት ቀን ነው።

ሳጅኗ ደረት የሚነሳበትን ሰሌዳ ማቀፊያ ስትከፍት ውስጡ ምስል የሚቀበለው ሳህን አልነበረም፤ የተማሪ ደብተር ነበር። በሟቹ እጅ ሦስት መቶ አርባ አንድ ስም ከነስልኩ ተጽፏል። ከአንዳንዶቹ ጎን መስቀል አለ። ግርጌው ላይ የመስቀሉ ትርጉም ተጽፏል፦ «ያስላል፣ ያስላታል፣ ደም አለው»።

የእህቱ ስም እዚያ እንዳለ ኢንስፔክተሩ ሳይገልጠው አወቀ። ከገለጠው በኋላም ከስሟ ጎን ያለውን መስቀል ሁለት ጊዜ አየው። ሟቹ ሰዎቹን በተራ ያቆማል፣ አገጫቸውን ያስደግፋል፣ «ትንፋሽ ያዙ» ይላል፣ ባዶ ሰሌዳ ላይ ጨረር ይለቅባቸዋል። ከዚያ ሮጦ ደብተሩ ላይ መስቀል ያደርጋል። ኢንስፔክተሩ ስለ ሟች ክፉ ማሰብ አይወድም። አሰበ።

*

«ማሙሽ፣ በቀን ምን አመጣህ?» አለች እህቱ በር ስትከፍት። ፀጉሩ ግማሹ የሸበተ ሰው ነው፤ ለእሷ ግን ማሙሽ ነው።

«እታለም፣ የራጁ ፖስታ የት ነው?»

«ቁም ሣጥን ላይ። ንጹሕ ተብሎ የለ? ምን ይሠራልሃል…» ሳሉ አቋረጣት። ግድግዳ ይዛ ጨረሰችው።

ፊልሙን መስኮት ላይ ለጠፈው። ቆንጆ፣ ንጹሕ ሳንባ። ከግራ ትከሻ በታች አንዲት ትንሽ መርፌ ቁልፍ።

«የዚያን ቀን መርፌ ቁልፍ ነበረሽ?»

«የምን መርፌ ቁልፍ? አውልቂ ብሎኝ ሁሉን አወለቅኩ። በዚያ በሚሸተው ጋውን ብርድ ገደለኝ እንጂ።» ከኋላው መጥታ አየች። «የማን ናት ይቺ?»

ኢንስፔክተሩ ፊልሙን ከመስኮቱ አንስቶ ፖስታው ውስጥ መለሰው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፊቱን ታጥቦ ወጣ።

«ልበሺ። ሆስፒታል እንሄዳለን። አሁኑኑ።»

*

እህቱን ሆስፒታል አስገብቶ ከሰዓት ክሊኒኩ ሲመለስ፣ ወደ ፎቅ ከመውጣቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ሁለት የእሳት ማጥፊያዎች ተሰቅለዋል። ጠዋት የነካው በአቧራ እንደተሸፈነ ነው። ከራጁ ክፍል በር አጠገብ ያለው ግን ያብረቀርቃል። ሳሙና የማያውቅ ቤት ውስጥ አንድ ንጹሕ ነገር! ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሳቅበት የኖረው አፍንጫ አልዋሸውም፤ ሎሚ።

ከሳጅኗ ጋር ሲገቡ ዶክተሩ እጁን እያሻ ነበር። ኢንስፔክተሩ ፊልም የሚታይበትን ነጭ መብራት አበራ። ሁለት ፊልሞች ጎን ለጎን ሰካ።

«ይቺ የቅዳሜዋ ድንገተኛ ታካሚ ናት። ይቺ እህቴ ናት። መርፌ ቁልፋቸውን ይዩልኝ።»

ዶክተሩ አየ። የሚያሻው እጅ ቆመ።

«የፋይል መምታታት ይሆናል… ራጅ አንሺው…»

«ማሽኑ ከሞተ ስልሳ ሰባት ቀን ሆኖታል። ራሱ ነገረን። ከታችኛው ማተሚያ ጋር የተያያዘው ሌላ ኮምፒውተር ደግሞ ይኼ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው፤ የክፍሉ ቁልፉም ከእርስዎ በቀር በማንም እጅ የለም። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ከሃያ የሚለውን ስምንት ሰዓት ላይ ሆነው ነው የጻፉት። ሰውዬውን የመቱበትን የእሳት ማጥፊያም በራስዎ ማጽጃ ነው የጠረጉት።»

ዶክተሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«በቂ የለም ሲል… ለእናንተ ሥራ የበዛበት ይመስላል ብዬ ነው የተውኩት» አለ። «ሲሠራ የሞተ ይመስላል ብዬ።»

«ለምን ገደልከው?» 'እርስዎ' የሚለው ከኢንስፔክተሩ አፍ ሳያስበው ወደቀ።

«ማሽኑ ሊሠራ ነው፤ በቃ እንቀጥል አልኩት። አልሰማም አለ። ብሎን እየፈታ 'ሰኞ ሁሉንም ጠርቼ እውነቱን እነግራለሁ' አለኝ። ሠላሳ ዓመት የገነባሁትን ስም! በአንድ ደብተር!» ቀና አለ፤ እንደሚያስረዳ መምህር ጣቱን አነሳ። «ይመልከቱ፣ ራጅ ሊነሳ ከሚመጣው ከመቶ ዘጠናው ጤነኛ ነው። ለጤነኛ የጤነኛ ፎቶ ብሰጥ ምን ጎደለበት?»

«አሥሩስ?»

«አሥሩ…» ዶክተሩ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሲብስባቸው ይመለሳሉ።»

ኢንስፔክተሩን ከሬሳው ክፍል ይልቅ ይኼኛው ክፍል አሁን ሸተተው። ብልቃጡን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ለሳጅኗ ሰጠ።

«ሰውዬውን ይዘሽ ውረጂ። እጁን ሳይታጠብ።»

*

የእህቱ ፊልም በማግሥቱ ደረሰ። በቀኝ ሳንባዋ ላይኛው ጫፍ እንደ ደመና የተበተነ ነጭ ነገር ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም አልደበቃቸውም። «ሳንባ ነቀርሳ ነው። ይድናል፤ መድኃኒቱ ግን ረጅም ነው። አምስት ሳምንቱ ባይባክን ኖሮ ይቀል ነበር።»

እህቱ አፏን በጭምብል ሸፍና ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሳችው።

«አስቀያሚ ነው፣ አይደል ማሙሽ?»

«አዎ፣ እታለም።»

«ቢሆንም የራሴ ነው» አለች። አጣጥፋ ልትይዘው ስትል አይታጠፍም፤ ደረቷ ላይ አስደገፈችው።

ኢንስፔክተሩ ጣቢያ ተመልሶ ደብተሩን ገለጠ። ሳጅኗ ስሞቹን ለባልደረቦቿ ልታከፋፍል ስትል መስቀል ያለባቸውን ለራሱ አስቀረ። ሰባ ሦስት ናቸው። ከአንደኛው ጀመረ።

ስልኩ ጠራ። ተነሳ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከፖሊስ ነው የምደውለው፣ አይደንግጡ። ባለፈው ደረትዎን ተነስተው ነበር…»

ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው።